ጥበቃው በር ላይ፣ ሌባው ዶርም ውስጥ

ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ ግቢው በር ላይ መጀመሪያ የሚጠብቀው ፍተሻ ነው። ሻንጣው ተከፍቶ ይበረበራል፣ ወረቀቱ ይታያል፣ ላፕቶፕ ከያዘም ይመዘገባል። ሊሸኘው የመጣ አባት ረጅሙን አጥርና በር ላይ የቆሙትን ጥበቃዎች አይቶ ልቡ ያርፋል፤ “እዚህማ ማን ይነካዋል” ብሎ ወደ መናኸሪያው ይመለሳል።

አጥሩም ፍተሻውም ሥራ አላቸው። የሚያግዱት ግን የግቢ መታወቂያ የሌለውን ሰው ነው። ግቢ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከዶርም የሚጠፋ ስልክና ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው መታወቂያውን አሳይቶ፣ ተፈትሾ በገባ ሰው እጅ ነው። እንዲህ ያለው ሌባ በር መስበር አያስፈልገውም፤ ያልተቆለፈ በር እስኪያገኝ ኮሪደሩን መመላለስ ይበቃዋል። ስለዚህ ስለ ጥንቃቄ የሚያስብ ተማሪም ሆነ ወላጅ ከዋናው በር ይልቅ የዶርሙን በር ቢያስቀድም ይሻላል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ውስጥ አራት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተማሪ ይኖራል። ከምደባው በፊት ተያይተው አያውቁም። ፕሮግራማቸው አይገጥምም፤ አንዱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከላይብረሪ ሲመለስ ሌላው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለጸሎት ይነሳል። ጓጉንቸሩ አንድ፣ ቁልፉ ስድስት ነው። ከስድስቱ አንዱ ቁልፉን ከጣለ፣ ወይም “አሁን መጣሁ” ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ካፌ ከወረደ፣ የአምስቱ ጥንቃቄ ከንቱ ቀረ።

ዶርም እንደተረከባችሁ ጓጉንቸሩን ቀይሩ። አምና እዚያ ክፍል የኖሩት ልጆች ቁልፉን አስቀርጸውት ሊሆን ይችላል፤ ቁልፍ ቀራጭ ደግሞ ከግቢ በር ፊት ለፊት አይጠፋም። ወጪው ለስድስት ሲካፈል ከአንድ ቀን የላውንጅ ምሳ አይበልጥም። ሲገዛ ቀለበቱ ወፈር ያለ ይመረጥ፤ ቀጭኑ በፒንሳ ይቆረጣል። ብዙ ሰው የማያየው ግን ጓጉንቸሩ የሚገባበትን ብረት ነው። ብረቱ በሩ ላይ የታሰረበት ብሎን በሩ ተዘግቶም ከውጭ የሚታይ ከሆነ፣ ጓጉንቸሩ የቱንም ያህል ቢወፍር ሌባው አይነካውም። በካቻቢቴ ብሎኑን ፈትቶ ገብቶ፣ ሲወጣ መልሶ አስሮት ይሄዳል። በሩ አልተሰበረም፣ ቁልፉም በቦታው ነው፤ በዚያ ምሽት ስድስቱ ልጆች እርስ በርስ መጠራጠር ይጀምራሉ። ብሎኑ ከውጭ መታየቱን ያየ ለዶርሙ ተቆጣጣሪ ለፕሮክተሩ ነግሮ ብረቱን ማስቀየር ወይም ማስበየድ አለበት።

“የመጨረሻው ሰው ይቆልፍ” የሚለው የተለመደ ስምምነት ጥሩ ይመስላል እንጂ አይሠራም። የሚወጣው ልጅ ከኋላው አንድ የተኛ ካለ የመጨረሻው እኔ ነኝ አይልም። የተኛ ሰው ደግሞ ጠባቂ ሊሆን አይችልም፤ ጠዋት ጓደኞቹ ፊታቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ቻርጅ ላይ የነበረ ስልኩ የተወሰደበት ልጅ ብዙ ነው። የሚሻለው ስምምነት ሁሉም ቁልፉን ይዞ መውጣቱ፣ ሰው ቢኖርም ባይኖርም በሩ መዘጋቱ፣ ለመተኛት የሚቀር ካለም ከውስጥ ቀርቅሮ መተኛቱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያሰለቻል፤ አንድ ወር ሲሞላ ግን ይለመዳል።

ኮሪደር ላይ የሚዞረው ሌባ የሚጠቀምባት አንዲት ዘዴ አለች። በሩን ሳያንኳኳ ከፍቶ ይገባል። ማንም ከሌለ ሥራውን ይሠራል። ሰው ካገኘ ደንገጥ ብሎ “ይቅርታ፣ ሰለሞን እዚህ አይደለም እንዴ?” ይላል። “ተሳስተሃል” ሲባል አመስግኖ ይወጣል፤ ከዚያም የሚቀጥለውን በር ይገፋል። በእርግጥ ሰለሞንን የሚፈልግ ጨዋ ልጅም ይኖራል። “የትኛው ሰለሞን? ዲፓርትመንቱ ምንድን ነው? ና፣ አብረን ፕሮክተሩን እንጠይቅ” ብሎ እስከ ደረጃው መሸኘት ጨዋውን ይረዳዋል፣ ሌባውን ያሸሸዋል። ሰውየው ያስደነግጣል ብላችሁ ካሰባችሁ ግን ብቻችሁን አትከተሉት፤ ጥበቃ ጥሩ።

በር ክፍት የመተው ነገር የእኛ ግቢዎች ብቻ ችግር አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ በሚገኘው ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ጂን ክሌሪ የምትባል የ19 ዓመት ተማሪ ዶርሟ ውስጥ ተገድላለች። ገዳዩ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የገባውም የሕንፃው ነዋሪዎች ራሳቸው ለመውጣት ለመግባት እንዲመቻቸው በዕቃ ደግፈው ክፍት በተዋቸው በሮች ነው። ወላጆቿ ባደረጉት ትግል በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣውና ዛሬ በስሟ የሚጠራው ሕግ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው የተፈጸመውን ወንጀል ቆጥረው በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 እንዲያሳትሙ ያስገድዳል። ልጁን ሜሪላንድ ወይም ቴክሳስ ኮሌጅ የሚያስገባ ሐበሻ ወላጅ ይህን ሪፖርት ጠይቆ ማንበብ ይችላል። ዜሮ ዜሮ የበዛበትን ሪፖርት ግን ወዲያው አይመን፤ ተማሪው ለመናገር የሚፈራበት ግቢም ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

ወደ ዶርሙ እንመለስ። ብዙዎቹ ግቢዎች ላፕቶፕ በር ላይ የሚመዘግቡት በሴሪያል ቁጥሩ ነው፤ ሲወጣም ከባለቤቱ ስም ጋር ያመሳክሩታል። አሰልቺ ሰልፍ ስለሆነ ተማሪው ይሸሸዋል፣ “በጓደኛዬ ስም አስመዘገብኩት” የሚልም አይጠፋም። የተሰረቀ ላፕቶፕ ገንዘብ የሚሆነው ከግቢ ሲወጣ መሆኑን ግን አስቡ። ሴሪያል ቁጥሩ ከጀርባው ወይም ከባትሪው ሥር ተጽፏል፤ ፎቶ አንሥታችሁ ቤት ላለ ሰው ላኩት። የስልክ መለያ ቁጥር ደግሞ *#06# ሲደወል ስክሪኑ ላይ ይወጣል። እሱንም ጻፉትና ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር ቤት ይቀመጥ። ስልኩ ውስጥ ብቻ ያስቀመጠው ሰው ስልኩ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋበታል።

ዕቃ ሲጠፋ የመጀመሪያው ሰዓት ትልቅ ዋጋ አለው፤ እኛ ግን ያን ሰዓት በለቅሶና በፍለጋ እናጠፋዋለን። ላፕቶፕ ከሆነ ፍራሽ ከመገልበጥ በፊት አንድ ሰው ወደ በር ሮጦ ሴሪያል ቁጥሩን ለጥበቃዎቹ ይስጥ፤ ግቢው ሁለትና ሦስት በር ካለው ለሁሉም ይዳረስ። ስልክ ከሆነ ቀፎውን ከመፈለግ በፊት ሲም ካርዱን ማዘጋት ይቀድማል፤ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ይደወላል። ምክንያቱም የባንኩ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በዚያ ሲም ነው፣ ቴሌብሩም፣ ቴሌግራሙም በእሱ የተከፈተ ነው። ቀፎ ይተካል፤ በስማችሁ ለዘመድ ሁሉ “ቸግሮኛል፣ ብር ላኩልኝ” የሚል መልእክት ከተላከ ግን ብሩ የሚሄደው ከእናትና ከአጎት ኪስ ነው። ቀጥሎ ለፕሮክተሩና ለጥበቃ ክፍሉ በጽሑፍ ማመልከት፣ ከዚያም ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማስመዝገብ ይገባል። “ቢመዘገብስ መች ይገኛል” የሚለው አነጋገር እውነትነት ቢኖረውም፣ ዕቃው አንድ ቀን በሌላ ሰው እጅ ሲያዝ የእናንተ መሆኑን የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።

በግማሽ ዋጋ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሲኒየር ቢመጣ ደረሰኙን ጠይቁት። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ሰው በወንጀል ይጠየቃል፤ ሳያውቅ የገዛውም ቢሆን ዕቃው በፖሊስ ሲያዝ ከገንዘቡም ከላፕቶፑም ይቀራል።

አሁን የማይወደደውን ላንሣ። ዶርም ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ ጣት የሚቀሰረው ማስረጃ ባለበት ሰው ላይ አይደለም። ድሃ ነው የሚባለው፣ ዝምተኛው፣ ወይም ቋንቋው ከሌሎቹ የሚለየው ልጅ ላይ ነው። ሎከሩ በጉልበት ይከፈታል፣ ይደበደባል፣ ስሙ በብሎኩ ሁሉ ይዞራል። ከሳምንት በኋላ ዕቃው ሌላ ሰው ጋር ቢገኝ እንኳ ያ ልጅ ከዚያ ክፍል ጋር አይታረቅም። የሰው ሎከር መፈተሽ ካስፈለገ ፕሮክተርና ጥበቃ ባሉበት፣ የሁሉም እኩል ይፈተሽ። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባን መደብደብም ወንጀል ነው፤ ዕቃው የተሰረቀበት ልጅ በአንድ ቡጢ ከሳሽ መሆኑ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናል።

ከዚህ የከፋውም ሲደርስ አይተናል። በሁለት ልጆች መካከል በስልክ፣ በወንበር ወይም በኳስ የተነሣ ጠብ “የእኛን ልጅ መቱት” ተብሎ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ የግል ጠብ መሆኑ ያበቃል። ጥቅምት 29 ቀን 2012 ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገድለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ ትምህርት ተቋረጠ፣ የፌዴራል ፖሊስም ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰማራ። ያን ዘመን ግቢ ያሳለፉ ሁሉ የሚያስታውሱት አንድ ነገር ቢኖር ወሬው ከድንጋዩ ቀድሞ መድረሱን ነው። ግቢው ሲታመስ ለማየት መውጣት፣ ቪዲዮ ለመቅረጽ መስኮት ላይ መቆም፣ ያላዩትን መልእክት ለሌላ ማስተላለፍ አያስፈልግም። በሩን ቆልፎ ከመስኮት ርቆ መቀመጥና ለቤተሰብ “ደህና ነኝ” ብሎ መደወል ይበቃል። ለአደጋ ጊዜ ፖሊስ በ991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል፤ ከከተማው ፖሊስ ጣቢያና ከግቢው ጥበቃ ክፍል የሚገኘውን ቀጥታ ስልክ ግን ቀድሞ መመዝገብ ይበልጣል።

በስልክ የሚመጣው ሌብነት ደግሞ አጥር የሚባል ነገር አያውቅም። አዲስ ገቢ ተማሪ ጥሩ ዒላማ ነው፤ ብር ከቤት ይላክለታል፣ ከተማውን አያውቅም፣ ለማንም እንግዳ ነው። “ከሬጅስትራር ነው የምንደውለው፣ ምዝገባህ እንዳይሰረዝ የደረሰህን ቁጥር ንገረን” ቢባል ይደነግጣል። የትኛውም ባንክ፣ የትኛውም ሬጅስትራር በመልእክት የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ አይጠይቅም፤ የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው። መንገድ ላይ “አንዴ ልደውልበት” ለሚል ሰው ስልኩን ከመስጠት ራሳችሁ ደውላችሁ በድምፅ ማጉያ አናግሩት። የፋይዳ ቁጥራችሁንና የመታወቂያችሁን ፎቶ ሥራ እንቀጥራለን ለሚል የቴሌግራም ቻናል አትላኩ።

ይበልጥ የማስጠነቅቀው ግን “አካውንትህን ላንድ ቀን አውሰኝ” የሚለውን ነው። አንድ ትልቅ ልጅ የሚገባለት ብር እንዳለ፣ የራሱ አካውንት እንደተዘጋ ይናገራል፤ አውጥተህ ስትሰጠኝ አንድ ሺህ ብር ለሻይ ውሰድ ይላል። ብሩ ከተጭበረበረች እናት የመጣ ሊሆን ይችላል። ፖሊስ ሲፈልግ የሚያገኘው የአካውንቱን ባለቤት ስም ነው፤ ተዋሹ ሲሙን ጥሎ ጠፍቷል።

ተማሪ ተበዳይ ብቻ እንዳልሆነም መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት ታይቷል። በዚያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በግቢዎች ወዲያው ተሰራጨ፤ ከእንቅልፋቸው ተቀሰቃቅሰው ኤቲኤም ላይ የተሰለፉ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ። ባንኩ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጸ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ አደረገ። “ማሽኑ ነው የሰጠኝ” የሚለው ክርክር አላዋጣም፤ እያንዳንዱ ብር በማን ስም እንደወጣ ተመዝግቦ ነበርና።

ሴት ተማሪዎች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ለብቻው መነገር አለበት። የሚሰጣቸው ምክር ዛሬም “አትውጪ፣ አታምሺ” ነው። ምክሩ አጥፊውን የጨለማ ውስጥ እንግዳ ያደርገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የምታውቀው ሰው ነው። ለምዝገባ ሲያሯሩጣት የከረመ ሲኒየር፣ የጓደኛዋ የወንድ ጓደኛ፣ ወይም ግሬድ በእጁ የያዘ መምህር ሊሆን ይችላል። ጠቃሚው ጥንቃቄ ሁለትና ሦስት ሆኖ መማማል ነው፤ ከማን ጋር የት እንደምትሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ፣ ካልተመለሰች ማን ደውሎ ማን እንደሚነግር ቀድሞ መነጋገር። የመመለሻ የራይድ ወይም የባጃጅ ብር ከጋባዡ ኪስ ሳይሆን ከራሷ ቦርሳ ይሁን። ይህን ሁሉ ያላደረገች ልጅ ብትጠቃ ግን ጥፋቱ የእሷ አይሆንም፤ “ለምን ሄድሽ” የሚል ዶርሜት ተጨማሪ ጉዳት ነው።

ሕጉ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ያን ያህል የማይታወቀው አንቀጽ 625 ነው፤ በሥልጣኑ ተጠቅሞ ሴትን ለወሲብ የሚያስገድድ ሰው የሚቀጣበት ሲሆን መምህርን በስም ይጠቅሳል። “ግሬድሽን ላስተካክልልሽ፣ ማታ ደውይ” የሚል መልእክት የሚደርሳት ተማሪ ከማጥፋት ይልቅ ስክሪንሾት አድርጋ ለምታምነው ሰው ትላከው። ለሥርዓተ ፆታ ቢሮው፣ ለተማሪዎች ዲኑም ሆነ ለፖሊስ ስታመለክት ይጠቅማታል።

ጥቃት ከደረሰ ወደ ሕክምና የሚኬድበት ሰዓት የሚቆጠር ነው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል፤ ከዚያ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እርግዝናን የሚከላከለውም ኪኒን እንዲሁ በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። መታጠብ የማንም የመጀመሪያ ፍላጎት ቢሆንም ከምርመራው በፊት ባይደረግ ማስረጃው ይተርፋል፤ ልብሱ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይያዝ፣ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። የታጠበችም ብትሆን ግን ትሂድ፣ ሕክምናው አይቀርባትም። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪም፣ ፖሊስና የሥነ ልቦና አማካሪ በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለው፤ ሌላ ከተማ ያለች ተማሪ የግቢው ክሊኒክ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፍላት ትጠይቅ። በመደፈር ምክንያት ያረገዘች ሴት በሕጉ መሠረት ጽንሱን ማቋረጥ ትችላለች፤ ለዚህም የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠየቅም፣ የእሷ ቃል በቂ ነው።

የቀረው መንገዱ ነው። በዚህ ላይ ማንም ጸሐፊ የሚሰጠው ምክር ልኩ ትንሽ መሆኑን ማመን አለበት። ኅዳር 2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የተነሡ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታግተዋል። ሰኔ 2016 መጨረሻ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይመጡ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡሶቻቸው ታፍነው፣ ለቤተሰቦቻቸው በየስልኩ የማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቋል። እነዚህ ልጆች ያጠፉት ነገር የለም፤ መንገድ ማስከበር የመንግሥት ሥራ እንጂ የተሳፋሪ ብልጠት አይደለም። ተማሪው በበኩሉ የሚችለው ጥቂት ነው። ከመነሣቱ በፊት ያንኑ ሳምንት በዚያ መስመር የተጓዙ የተማሪዎች ኅብረት ልጆችን ይጠይቅ፣ መናኸሪያ ላይ “የዩኒቨርሲቲው ተቀባይ ነኝ” የሚለውን ሰው መታወቂያና የግቢውን አውቶቡስ አይቶ ይመን፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ለቤተሰብ ይላክ። አውቶቡሱ ዘግይቶ ተነሥቶ ከመሸ የሚያልፍበት መንገድ ካለ በዚያ ቀን አይሳፈር። የምዝገባው ቀን አለፈ የሚለው ፍርሃት ብዙ ልጆችን በሌሊት ያስኬዳል፤ ለሬጅስትራር ደውሎ መንገዱ አስቸጋሪ መሆኑን አስቀድሞ ማስረዳት ይቻላል፣ ለጥቂት ቀን የዘገየ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው የምዝገባ ቅጣት ነው።